ጉርሻ ለባላምባራስ

በየሰፈሩ፣ ሰላምታ ሲሰጡት ትምህርት የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። መንግሥት ቢለወጥ፣ አስፋልት ቢገባ፣ ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ቢሠራ፣ ይህ ሰው ከቦታው አይነቃነቅም። «እንዴት አደሩ?» ካሉት ስለ እንቅልፍ ያስረዳዎታል። «ዛሬስ ሞቀ» ካሉት ሙቀት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከሥሩ ይጀምርልዎታል። ቸኩያለሁ ማለትም አያድንም፤ ስለ ችኮላ ጉዳት ሌላ ትምህርት ያስከትልብዎታል።

ባሕር ዳር ላይ፣ ከሐይቁ አፋፍ ባለችው በእኛ ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ጋሽ ሕዝቅኤል ናቸው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጧት ጧት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በራቸው ላይ ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚው አንድ ቃል ከተነፈሰ አለቀለት። «ቆይ፣» ይላሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ «መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል።»

የማያስተካክሉት ነገር የለም። አንድ ቀን አንዱ ባለባጃጅ «ጋሼ፣ ባሕሩ ዛሬ ተቆጥቷል!» ብሎ ሊያልፋቸው ሲል አስቁመው፣ ጣና ሐይቅ እንጂ ባሕር አለመሆኑን፣ ባሕር የሚባለው ጨው ያለው መሆኑን፣ ጨዉም ከየት እንደመጣ ተሳፋሪዎቹን ጭምር ይዘው አስተማሩ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ስትጣደፍ ነበር የሚሉ አሉ። ይኼ እንኳ ግነት ነው፤ ልጇን ልታስከትብ ነበር የምትሄደው።

የጨው ነገር እንዲህ የሚያንገበግባቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሽ ሕዝቅኤል ሳሎናቸው ውስጥ ባሕር አላቸው።

ፋብሪካ ሳሉ ለመለዋወጫ ጉዳይ ጅቡቲ ተልከው፣ እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ የባሕር ዓሦች በመስታወት ገንዳ ሲዋኙ አዩ። ሌላው ሰው ከጅቡቲ ሽቶና ብርድ ልብስ ይዞ ይመለሳል፤ እሳቸው ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። ጡረታ እንደወጡ ገንዳውን አሠሩ፤ ዓሦቹን ውኃና አየር በተሞላ ፌስታል አስመጡ፤ ጨዉን በከረጢት ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ደጃፋቸው ላይ አገር የሚያህል ውኃ ተኝቶ፣ እሳቸው በባልዲ ውኃ እያጣሩ፣ ጨው እየመዘኑ ቤት ውስጥ ባሕር ይሠራሉ።

የባሕሩ ነዋሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ማዕረጋቸው ግን ከባድ ነው። ብርቱካናማ መልክ ያላቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ትንንሽ ዓሦች አሉ። ትልቋ እቴጌ፣ ትንሹ ባላምባራስ ይባላሉ። «በዚህ ዘር አዛዧ ሴቷ ናት» ብለው ጋሽ ሕዝቅኤል ለእንግዳ ሲያስረዱ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማኅሌት ከጓዳ ሆነው «ታዲያ እርስዎ ከእነሱ ምነው አይማሩም?» ይላሉ። ሁለቱ ዓሦች የሚያድሩት ብዙ ጣት ባላት፣ አበባ በምትመስል ፍጥረት እቅፍ ውስጥ ነው። አበባ ናት ያለ ሰው ግን ወዮለት፤ «እንስሳ ናት! ትበላለች! ትናደፋለች!» ተብሎ እስኪመሽ ይቀመጣል። ከዚህ ሌላ ረጃጅም ነጭ ጢም ያለው፣ ሽሪምፕ የሚሉት ቀይ ባለ ቅርፊት ፍጥረት አለ። የዓሦቹን ገላ እየለቀመ ስለሚያጸዳ ስሙ አጣቢው ነው።

ለእነዚህ መኳንንት ክብር ሲባል ሰፈሩ በሕግ ይተዳደራል። በግድግዳቸው በኩል የትንኝ መድኃኒት መርጨት ክልክል ነው። ቀለም የሚያስቀባ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ሳሙና የነካው እጅ ገንዳው አጠገብ አይደርስም። «በዚህ ቤት ለእኔ ቀለብ የሚቆረጥልኝ ከዓሦቹ ቀጥሎ ነው» ይላሉ ወይዘሮ ማኅሌት፤ ሲሉትም ቅሬታ የለባቸውም፣ ተራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

የግድግዳ ጎረቤታቸው ናኢማ ግን ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት አልነበራትም። ናኢማ ዓሣ ነጋዴ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ አንድ ልጇን ሂክማን ያሳደገችው ከሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች እየበለተች ነው። ለእሷ ዓሣ ማለት ቅርፊቱ የሚፋቅ፣ ሆዱ የሚቀደድ፣ ሳይውል ሳያድር የሚሸጥ ነገር ነው። «የማይበላ ዓሣ መቀለብ፣ ወላሂ፣ ላም ገዝቶ ቁጭ ብሎ ቀንዷን እንደማየት ነው» ትል ነበር።

አንድ ቀን የዓሣ ሳፋዋን ከነበረዶው ተሸክማ ስታልፍ ጋሽ ሕዝቅኤል ያዟትና በረዶ ለምን እንደሚቀልጥ አስረዷት። እሳቸው እያስረዱ በረዶው ቀለጠ፤ ውኃው በአንገቷ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ናኢማ በእሳቸው በር ማለፍ ትታ፣ በጀርባ በኩል፣ በጭቃው መንገድ መዞር ጀመረች። ጭቃው ቢያንስ አይናገርም።

ሂክማ ግን ተያዘች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች መዶሻ ልትዋስ ተልካ፣ መግሪብ ሲደርስ ያለ መዶሻ ተመለሰች። በማግስቱ ማንም ሳይልካት ሄደች። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ታመላልሳለች፣ ጨው ታማስላለች፣ የውኃውን ጨዋማነት በሚያሳይ መለኪያ ብርጭቆ ልኩን ታያለች፤ ጋሽ ሕዝቅኤል አጠገቧ ቆመው ይናገራሉ፣ ይናገራሉ።

«ዓሣ ማየት ናፍቆሽ ነው?» ትላት ነበር እናቷ። «እኛ ቤት ዓሣ ጠፍቶ?»

ዓመቱ አለቀና ያ ስንቱን ልጅ የጣለ ፈተና መጣ። ከሂክማ ትምህርት ቤት አብዛኛው ወደቀ። ሂክማ አለፈች፤ ከሁሉም ያስደነቀው የኬሚስትሪ ውጤቷ ነበር። ጎንደር፣ ፋርማሲ ደረሳት። ናኢማ እልልታዋን አቅልጣ ስትጨርስ «ለመሆኑ ኬሚስትሪውን ማን አስተማረሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ባላምባራስ» አለች ሂክማ።

ናኢማ ያን ቀን የጭቃውን መንገድ ተወችና በፊት ለፊት ሄደች። ከዕለቱ ዓሣ ትልቁን በዞ መርጣ፣ አጥባና አሳምራ ይዛ ነበር። ጋሽ ሕዝቅኤል አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። «ናኢማ፣ እኔ ዓሣ ከተውሁ ቆየሁ። ዘመድ አይበላም።» በሌላ ቀን የመራዊ ማር ይዛ ሄደች። ንብ ማሩን እንዴት እንደምትሠራው አስረድተው፣ «ይኼን ለልጅቱ ላኪላት፤ ጎንደር ይበርዳል» ብለው መለሱላት። በመጨረሻ ባዶ እጇን ሄዳ በአፏ ሞከረች።

«ጋሽ ሕዝቅኤል፣ ልጄን ለዚህ ያበቁልኝ…»

«ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ፈተናውን የተፈተነችው እሷ ናት። እኔ አልተፈተንሁም።» ከዚያ ስለ ፈተና ወረቀት፣ ከወረቀት ስለ እንጨት፣ ከእንጨት ስለ ባሕር ዛፍ ሲናገሩ መሸ። ምስጋናዋን እንደያዘች ወደ ቤቷ ገባች። ሰው ሊሰጥ የያዘውን ምስጋና የሚቀበለው ሲያጣ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ባለፈው የካቲት የወይዘሮ ማኅሌት አክስት አንበሳሜ ላይ አረፉና ባልና ሚስት ለለቅሶ ሊሄዱ ሆነ። ገንዳውን ማን ይጠብቅ? ጋሽ ሕዝቅኤል ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ናኢማ ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደችው። «ለእኔ! በአላህ ለእኔ ይስጡኝ!»

ያኔ ጋሽ ሕዝቅኤል ማስረዳት ጀመሩ። ውኃው ሲጎድል ከሰማያዊው ጀሪካን የተጣራ ውኃ ብቻ ይጨመራል፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨዉ አይደለምና ጨው እንዳይጨመር። ምግቡ በቆርቆሮ ያለው ነው፤ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር። «ሁለት ጣት! ሦስተኛ ጣት እንዳይጨመር!» ወይዘሮ ማኅሌት በክንዳቸው ጎትተው ባጃጁ ውስጥ ባያስገቧቸው ኖሮ ተዝካሩም ሳይደርሱበት ያልፍ ነበር።

ናኢማ በሁለት ጣቷ የቆነጠረችውን አየችው። ለትንኝ ቁርስ አይበቃም። የመጀመሪያው ቀን ግን የታዘዘችውን አደረገች። በማግስቱ ባላምባራስ ወደ መስታወቱ መጥቶ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

«እኔን!» አለች ናኢማ። «እኔን ይራበኝ!»

ባለቤቶቹ በሌሉበት ቤት የእነሱ ቤተኛ ጦሙን ካደረ ነውሩ የማን ነው? የጎረቤት ነው። እሷ ቤት ደግሞ ደግሰው እየለመኑ ያበሉታል እንጂ በሁለት ጣት ለክተው የሚሰጡት እንግዳ ኖሮ አያውቅም። ሮጣ ሄደች፤ ትኩስ ቆሮሶ አጥባ፣ እሾሁን ለቅማ፣ አድቅቃ ከትፋ ይዛ መጣች። በርበሬ እንኳ አላደረገችበትም። ባላምባራስ ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛ ሰጠችው። እቴጌ እንዳይከፋት ለእሷም ደገመች። አበባ ያልሆነችው እንስሳ እንኳ የደረሳትን ቁራሽ በጣቶቿ ጠቅልላ እንደ ተጨበጠ እጅ ተዘጋች። «ይኸው!» አለች ናኢማ፤ «እሷም ርቧት ኖሯል።»

ደስታዋን እንዴት ልንገራችሁ! ከስንት ጊዜ በኋላ ምስጋናዋን የሚቀበላት አገኘች። ከዚያ ወዲያ ጧትም ማታም ሳህኗን ይዛ ትሄዳለች። «በሞቴ፣ ብሉልኝ» ትላለች። ያልበሉት ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሲርባቸው ይበሉታል ብላ ትተወዋለች።

አንድ ጧት ስትገባ ውኃው የሩዝ እጣቢ መስሏል። ሁለቱም ዓሦች ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። «እንዴ፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት ነው የራባችሁ!» ብላ ጨምራላቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀትር ላይ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። የተበላሸ ዓሣ ሽታ ለማንም ቢጠፋ ለናኢማ አይጠፋም። እቴጌ ከላይ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ያቺ እንስሳ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተኮማትራለች። ባላምባራስ በጎኑ ተኝቷል።

«ያ አላህ!» አለች። «የሰው አደራ!»

የምታመሰግናቸው ሰው በዓለም ላይ ከዚህ ገንዳ በቀር የሚሳሱለት ነገር የላቸውም። እሱን በገዛ እጇ፣ በጉርሻ ልትገድልባቸው ነው። ጋሽ ሕዝቅኤል ጋ ደወለች፤ ስልካቸው አይሠራም። ደጋግማ ሞከረች፤ አይሠራም። ያላት አንድ ሰው ነው። ጎንደር ደወለች።

«እማ፣ ምን ሰጠሻቸው?» አለች ሂክማ ነገሩን ስትሰማ።

«ጥሩ ነገር ነው ያበላኋቸው! ትኩስ ቆሮሶ! በርበሬ እንኳ አላደረግሁበትም!»

«ምን ያህል?»

«እስኪጠግቡ ነዋ!»

ሂክማ «ቆይ እማ» አለች። «መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል።»

ናኢማ ስልኩን ከጆሮዋ ነጥላ አየችው። ድምፁ የልጇ ነው፤ ቃሉ የጎረቤቷ።

«አፋቸውን የሚከፍቱት ርቧቸው አይደለም። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። የተረፈው ሥጋ በስብሶ ውኃውን መርዞታል፤ የመረዘውም…»

«ሂክማ! ትምህርቱን ተዪና ምን ላድርግ?»

«ልነግርሽ እኮ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ መድኃኒቱን ይስታል።»

ይኼም አባባል የጋሽ ሕዝቅኤል ነው። ናኢማ ወንድሟን አደምን ጠራችው፤ ጀልባ ሲሠራ ከነበረበት የእንጨት ፍቅፋቂ ጸጉሩ ላይ እንዳለ እየሮጠ መጣ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተቀመጠ፤ ሂክማ ከጎንደር ታዛለች።

«ምን አስጨነቃችሁ?» አለ አደም። «ሐይቁ እዚህ እያለ፣ ሁለት ባልዲ ቀድቼ ልገልብጥበት።»

«አጎቴ፣ ቆይ! የሐይቅ ውኃ ጨው የለውም! ያኔ ጨርሶ ነው የሚሞቱት!» አለች ሂክማ። «ገንዳው አጠገብ ባለው በርሜል ውስጥ የተጣራ ውኃ አለ። ከከረጢቱ ጨው እየጨመራችሁ አማስሉት፤ በመለኪያው ብርጭቆ ቀዩ መስመር ላይ እስኪደርስ።»

«በምን ላማስለው? መቅዘፊያ አለኝ።»

«ሳሙና ያልነካው ይሁን!»

«መቅዘፊያ በሳሙና የሚያጥብ ደግሞ ማነው?» አለ አደም።

አደም አማሰለ፣ ናኢማ የወደቀውን ሥጋ በማጥለያ ለቀመች። ቆሻሻውን ውኃ ለማውጣት አደም እንደ ቤንዚን በጎማ ሲስበው አፉ ሙሉ ገባበት። ተፋውና ዓይኑን አፈጠጠ። «ይኼማ እውነትም ባሕር ነው!» አለ። ያን ቀን ጋሽ ሕዝቅኤል ዕድሜ ልካቸውን ያሉትን አመነ።

አዲሱን ውኃ ቀስ እያሉ ጨመሩ። ከዚያ ናኢማ በጆግ ከገንዳው እየቀዳች፣ ከፍ አድርጋ መልሳ እያፈሰሰች፣ አየር እንዲገባው ታደርግ ጀመር። ክንዷ ዛለ። የቀረው ዓሣዋ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ እንደሆነ አደም ቢያስታውሳትም አልሰማችውም። «ተነሥ የኔ ጌታ» ትለዋለች ባላምባራስን። «ተነሥ፣ አታዋርደኝ።» የከሰዓቱ ዐስር ሰላት ሲቃረብ ባላምባራስ ተንገዳግዶ ቀና አለ፤ እየተውረገረገ ሄዶ እቴጌ ጎን ገባ። ናኢማ ጆጉን አስቀምጣ አለቀሰች።

በማግስቱ ውኃው ጠርቷል፤ አሸዋው ላይ ግን አጣቢው ተዘርግቷል፤ ጢሙ እንዳለ፣ እግሮቹ እንዳሉ፣ ቀለሙ ነጥቶ። ነካችው፤ ባዶ ነው። ከነጭ ጨርቅ ላይ አጋድማ፣ ጠቅልላ፣ ባለቤቶቹ የሚመለሱበትን ቀን መጠበቅ ያዘች።

ለቀስተኞቹ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «አላህ ያጽናችሁ» አለችና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ሁሉንም ተናገረች፤ ቆሮሶውን፣ ጉርሻውን፣ ሽታውን፣ አንዱንም ሳትደብቅ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታ የማታውቀው ረጅም ትምህርት እንደሚመጣባት አውቃለች። ይምጣ ብላለች።

ጋሽ ሕዝቅኤል ገንዳው ላይ ጎንበስ አሉ። ባላምባራስን አዩ፣ እቴጌን አዩ። በርሜሉን አዩ፤ መቅዘፊያውን አዩ።

«ውኃውን ቀይሩ ያላችሁ ማነው?»

«ሂክማ፣ በስልክ።»

«የጨዉን ልክስ?»

«እሷው ናት። ‹ምክንያቱን ያላወቀ መድኃኒቱን ይስታል› እያለች ስታስጨንቀን ዋለች።»

ጋሽ ሕዝቅኤል ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ዝም አሉ።

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም። ናኢማ ደነገጠች። «ጋሽ ሕዝቅኤል፣ አመመዎት?» ወይዘሮ ማኅሌት ቦርሳቸውን ጥለው መጡና፣ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ኧረ እባክዎ አንድ ነገር ይናገሩ!» አሉ።

«ትሰማኝ ኖሯል» አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል ቀስ ብለው። «ሞኝ አይደለሁም እኮ፣ ናኢማ። ሰው አንገቱን የሚነቀንቅልኝ ቶሎ ልልቀቀው ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺም በጭቃው በኩል ስትዞሪ በመስኮት አይሻለሁ። ምን ላድርግ፣ አፌ አይታዘዘኝም። ልጅቱም እንደ ሰው ሁሉ ትንሽ ልታስደስተኝ ነው ብዬ ነበር። ለካ ትሰማኝ ኖሯል።»

ናኢማ የምትገባበት ጠፋት። የዚያ መንገድ ጭቃ አሁንም እግሯ ላይ ያለ መሰላት። «ሰምታዎት ነው እኮ ለዚህ የበቃችው» አለች። «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሕዝቅኤል። ስለ ልጄ አላህ ይስጥልኝ።»

«አሜን» አሉ። «እኔም አመሰግናለሁ።»

በቃ። አላረሙትም፣ አላስተካከሉትም፤ ምስጋናዋ እንዳለ ገባላት። ያን ያህል ጊዜ ስትመኘው ኖራ፣ አሁን ግን የሰውዬው ዝምታ አሳሰባት። እንዲህ ዝም ብለው ቢቀሩስ? ያን ጨርቅ ፈራ ተባ እያለች አወጣች።

«ሁሉንም ግን አላዳንሁልዎትም። አጣቢው…» ብላ ዘረጋችላቸው።

ጋሽ ሕዝቅኤል ጨርቁን ገለጡ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ያን ባዶ ነገር በጢሙ ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሡት። ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈካ፤ ጣታቸውም ወደ ላይ ወጣ።

«ቆይ፣» አሉ፣ «መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ይኼ ሬሳ አይደለም።»

«ምን?»

«ልብሱ ነው! ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱ ይጠበዋል፤ አውልቆ ይጥለውና አዲሱ እስኪጠነክርለት ድንጋይ ሥር ይደበቃል። ያውልሽ!»

ናኢማ ጎንበስ አለች። ከድንጋዩ ሥር ሁለት ረጃጅም ነጭ ጢሞች ወጥተው ይወዛወዛሉ።

«ለምን እንደሚያወልቀውስ ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል።

ሐይቁ ዳር ደንበኞቿ ቆመው ይጠብቋታል፤ ፀሐይዋም በርትታለች። ነገሩ ረጅም እንደሚሆን አውቃለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ናኢማ፣ በርጩማውን ሳብ አድርጋ እየተቀመጠች። «አላውቅም ጋሽ ሕዝቅኤል። ከሥሩ ይጀምሩልኝ።»